ለሰው ሲባል መሮጥ

(ይህ ንግግር ለጀማዓው የቀረበው በኦሮምኛ ነበር። የመጽሔቱ አዘጋጅ ኮሚቴ በአማርኛ እንዲሆንለት ስለጠየቀኝ እንደገና ጽፌዋለሁ።)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም።



ዛሬ እንድናገርበት የተሰጠኝ ጉዳይ በመስጊድ ዙሪያ ብዙ ጊዜ ሲነሣ የሚሰማ አይደለም፤ ሩጫ ነው። እንደምታውቁት የከተማችን ወጣቶች ተሰባስበው ወደ ኮሚቴው በመምጣት አንድ ሐሳብ አቅርበዋል። ሐሳባቸውም በጭሮ የግማሽ ማራቶን ሩጫ ተዘጋጅቶ፣ ከሩጫው የሚገኘው ገንዘብ ከገጠር ቀበሌዎች ተነሥተው ወደ ጤና ጣቢያና ወደ ሆስፒታል ለመድረስ ለሚቸገሩ ወላድ እናቶች የመጓጓዣና የማረፊያ ወጪ እንዲውል ነው። ከአባቶች መካከል ገና ሲሰሙት የመረቁ አሉ። ነገሩ ያልተዋጠላቸውም አሉ። ከእነርሱ አንዱ «ልጄ፣ ሰደቃ የሚሰጠው በእጅ ነው ወይስ በእግር?» ብለው ጠይቀውኛል። አባታችን ይህን የጠየቁት ለፌዝ ስላልሆነ እኔም መልሱን በችኮላ ልሰጣቸው አልፈለግሁም። ይህን ንግግር ለእርሳቸው የተሰጠ መልስ ነው ብትሉት ደስ ይለኛል።

በመጀመሪያ ስለ ነገሩ ምንነት ጥቂት ልበል። ግማሽ ማራቶን ማለት 21 ኪሎ ሜትር ከ97 ሜትር ተኩል ነው። ሙሉው ማራቶን 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ሲሆን፣ ይህ ርቀት ለመጀመሪያ ጊዜ የተሮጠው እ.ኤ.አ. በ1908 በለንደን ኦሎምፒክ ነበር። ለእኛ አገር ሰው እንዲገባ ልንገራችሁ፤ ከሚኤሶ ተነሥቶ ወደ ጭሮ ሽቅብ የሚሮጥ ሰው ከተማችን ሳይገባ ግማሽ ማራቶኑ ያልቅለታል። ይህን ርቀት ኃይሌ ገብረ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ2006 በአሜሪካ በአሪዞና በ58 ደቂቃ ከ55 ሴኮንድ ሮጦታል። ለተሰንበት ግደይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2021 በስፔን በቫሌንሲያ በ1 ሰዓት ከ2 ደቂቃ ከ52 ሴኮንድ ጨርሳለች። እነዚህ ግን አላህ የተለየ ጉልበት የሰጣቸው ናቸው። ልምምድ ያደረገ ተራ ሰው ሁለት ሰዓት፣ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ አንዳንዴም ሦስት ሰዓት ይፈጅበታል። ወጣቶቻችን የሚያስቡትም የኋለኛውን ዓይነት ነው። ለወርቅ ሜዳልያ የሚሮጥ የለም።

ከሩጫ ገንዘብ እንዴት እንደሚገኝ ያልገባቸው ወገኖች ስላሉ እርሱንም ማስረዳት ይገባል። በእንግሊዝ አገር ከኒውካስል ከተማ ተነሥቶ ሳውዝ ሺልድስ በሚባል የባሕር ዳር ከተማ የሚያልቅ ታላቅ የግማሽ ማራቶን ሩጫ በየዓመቱ ይደረጋል። የመሠረተው ብሬንዳን ፎስተር የተባለ የቀድሞ ሯጭ ሲሆን፣ ሐሳቡን ያገኘው በኒውዚላንድ ከአንድ የሕዝብ ሩጫ ላይ ተካፍሎ ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 ሲጀመር ከ12 ሺህ በላይ ሰዎች ሮጡ። የእኛው ኃይሌ እ.ኤ.አ. በ2010 አሸንፎበታል፤ በሶማሌ ምድር የተወለደው ሞ ፋራህም ከ2014 እስከ 2019 ስድስት ጊዜ በተከታታይ አሸንፎበታል። ሆኖም እንግሊዞቹ ያንን ሩጫ የሚወዱት በአሸናፊዎቹ ምክንያት ብቻ አይደለም። ከኋላ የሚሮጠው ብዙኃን፣ አስተማሪው፣ ነርሷ፣ ጡረተኛው፣ ከሩጫው በፊት ወደ ዘመዱ፣ ወደ ጎረቤቱና ወደ ሥራ ባልደረባው ሄዶ «ይህን ርቀት ብጨርስ ለእገሌ ሆስፒታል፣ ለእገሌ የሕሙማን ማኅበር ስንት ትሰጣለህ?» ብሎ ይጠይቃል። የተጠየቀውም ቃል ይገባል። ሯጩ ሲጨርስ ቃል የተገባው ገንዘብ ይሰበሰባል። በዚህ መንገድ በየዓመቱ ብዙ ሚሊዮን ፓውንድ ለተቸገሩ ይደርሳል። እንግዲህ ገንዘቡ የሚመጣው ከሯጩ ኪስ ሳይሆን ሯጩን ከሚያውቁት ሰዎች ኪስ ነው። ሯጩ የሚያወጣው ላቡንና ይሉኝታውን ነው።

ከዚህም የሚበልጥ ምሳሌ አለ። ቴሪ ፎክስ የሚባል የካናዳ ወጣት ነበር። በ18 ዓመቱ በአጥንት ካንሰር ምክንያት ቀኝ እግሩ ከጉልበቱ በላይ ተቆረጠ። በሆስፒታል ሳለ በዙሪያው የተኙትን ሕፃናት ሲያይ ልቡ አላስቻለውም። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1980 በሰው ሠራሽ እግር አገሩን ከዳር እስከ ዳር ለማቋረጥ ከአትላንቲክ ውቅያኖስ ጫፍ ተነሣ። በየቀኑ አንድ ማራቶን ያህል እየሮጠ 143 ቀን ቆየ። 5,373 ኪሎ ሜትር ከሄደ በኋላ ካንሰሩ ወደ ሳንባው ስለተዛመተ አቆመ፤ በሚቀጥለው ዓመትም በ22 ዓመቱ ሞተ። ቴሪ ከሕዝቡ የጠየቀው ምን ነበር? ከእያንዳንዱ የካናዳ ሰው አንድ ዶላር ብቻ። በዚያን ጊዜ የካናዳ ሕዝብ 24 ሚሊዮን ገደማ ነበርና፣ ወጣቱ ሳይሞት 24 ሚሊዮን ዶላር ተሰብስቦ አየ። ሰውዬው የእኛን ሃይማኖት የሚከተል አልነበረም፤ ነገር ግን አንዲት ብር የናቀ ሺህ ብር አያገኝም የሚለውን ነገር ከብዙዎቻችን የተሻለ ያውቀው ነበር።

ወደ አገራችን ስንመጣ፣ ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ የተጀመረው በኅዳር ወር 1994 ዓ.ም. ነው። የመሠረተው ኃይሌ ሲሆን፣ ርቀቱ 10 ኪሎ ሜትር፣ የመጀመሪያው ዓመት ተሳታፊም 10 ሺህ ሰው ነበር። ከወንዶች ራሱ ኃይሌ፣ ከሴቶች ብርሃኔ አደሬ አሸነፉ። ዛሬ ተሳታፊው ከ40 ሺህ በላይ ሆኗል። መግቢያው ካናቴራው ነው፤ ካናቴራውን የገዛ ይሮጣል። ከሩጫው ጋር ተያይዞ ለበጎ አድራጎት ድርጅቶች ገንዘብ ይሰበሰባል፤ ከውጭ አገርም ለዚሁ ብለው የሚመጡ አሉ። ይኸው ድርጅት በሐዋሳ ግማሽ ማራቶን፣ በአዲስ አበባም ቅድሚያ ለሴቶች የሚባል የሴቶች ብቻ የሆነ የ5 ኪሎ ሜትር ሩጫ ያዘጋጃል። እንግዲህ ወጣቶቻችን ያመጡት ነገር ከሰማይ የወረደ አይደለም። አዲስ አበባና ሐዋሳ ላይ የሚሠራ ነገር ጭሮ ላይ የማይሠራበት ምክንያት የለም።

አሁን ወደ አባታችን ጥያቄ ልመለስ። አንዳንድ ወገኖች ሩጫ የልጆች ጨዋታ ነው፤ ከዲን ሰዎች ጋር ምን አገናኘው ይላሉ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከእናታችን ከዓኢሻ ጋር በእግር መሽቀዳደማቸው፣ በመጀመሪያ እርሷ ቀድማቸው በኋላ ደግሞ እርሳቸው እንደቀደሟት በሐዲስ የተዘገበ ነው። ሰለማ ኢብኑል አክወዕ የተባለው ሰሓቢይም በእግሩ ፍጥነት የታወቀ ነበር፤ ከዘመቻ ሲመለሱ አንድ የመዲና ሰው የሚሽቀዳደመኝ አለን ሲል ከነቢዩ ፈቃድ ጠይቆ እስከ መዲና መሮጡ ተዘግቧል። ስለዚህ መሮጡ በራሱ ነውር አይደለም።

ነገር ግን ከዚህ ሁሉ በላይ እኔን የሚያስደንቀኝ የእናታችን የሐጀር ነገር ነው። ሐጅና ዑምራ ያደረገ ሁሉ በሶፋና በመርዋ መካከል ሰባት ጊዜ ይመላለሳል። አንዱ ጉዞ 450 ሜትር ገደማ ነውና ሰባቱ ሲደመር ከሦስት ኪሎ ሜትር ትንሽ ይበልጣል። ይህ ዒባዳ የማን ዱካ ነው? አንዲት ብቻዋን የቀረች እናት ልጇ በውኃ ጥም እንዳይሞት፣ ከአንዱ ኮረብታ ወደ ሌላው እየሮጠች ሰው የፈለገችበት ዱካ ነው። ሚሊዮኖች በየዓመቱ የሚከተሉት የንጉሥ ወይም የጦር አለቃ ዱካ አይደለም፤ ለልጇ የሮጠች እናት ዱካ ነው። አባታችን ሰደቃ በእጅ ነው ወይስ በእግር ሲሉኝ መጀመሪያ ወደ አእምሮዬ የመጣችው እርሷ ናት።

ቀጥሎ የመጣልኝ ቃሬዛ ነው።

እዚህ ያላችሁ አባቶች ከእኔ የበለጠ ታውቁታላችሁ፤ ልጆቹ ግን እየረሱት ስለሆነ ትንሽ ልዘርዝረው። አገራችን ተራራ ነው። ቤቶቻችን በየሸንተረሩ ናቸው። መኪና የሚገኘው አስፋልቱ ላይ ነው። ሴት ምጥ ሲጠናባት፣ ሰው ሲታመም፣ ሁለት ረጃጅም የባሕር ዛፍ እንጨት በገመድ ይታሰራል፣ ብርድ ልብስ ወይም ጋቢ ይነጠፍበታል። አራት ሰው ይሸከማል። የቀሩት ከኋላ ከኋላ ይከተላሉ። አንዱ ሲደክም ከኋላ ያለው መጥቶ ትከሻውን ያስገባል፤ ቃሬዛው መሬት አይነካም፣ አይቆምም። አንድ ፈጣን ልጅ አስቀድሞ ይሮጣል፤ ሥራውም አስፋልቱ ላይ ደርሶ መኪና ማስቆም ነው። ቁልቁለቱ ላይ የፊተኞቹ እንጨቱን ከፍ አድርገው ይይዛሉ፤ ዳገቱ ላይ ደግሞ የኋለኞቹ ያነሡታል፤ ይህንንም የሚያደርጉት በሽተኛዋ እንዳትንሸራተት ነው። ማንም ይህን ከመጽሐፍ አልተማረውም።

ደረሳ ሳለሁ የተማርኩት በገጠር ነበር። ሸይኻችን በትምህርት ሰዓት ስንሣሣቅ ቢያገኙን የሚምሩ ሰው አልነበሩም። ከመንደር «ቃሬዛ!» የሚል ድምፅ ሲሰማ ግን ኪታቡን ራሳቸው ያጥፉት ነበር። እኛም እንወጣለን። አንድ ሌሊት ሁለት ቀን ሙሉ ያማጠች ሴት ተሸክመን አስፋልት ላይ ስንደርስ አንድ የጭነት መኪና ቆመልን። ሾፌሩ ዋጋ ጠራ። በዚያ ሌሊት በመካከላችን የነበረው ገንዘብ ተሰብስቦ ግማሹን እንኳ አልሞላም። አንዱ ሰዓቱን አወለቀ፣ አንዱ ጫማውን አቀረበ። በዚህ ድርድር መካከል ያለፈው ጊዜ ምናልባት ሃያ ደቂቃ ይሆናል። ሴትየዋ ተርፋለች፤ ልጁ ግን አልተረፈም። ያ ሃያ ደቂቃ ይሁን ወይም ያለፈው ሁለት ቀን፣ የልጁ ሞት ምክንያት የቱ እንደሆነ አላህ ያውቃል። እኔ የምለው፣ ያን ሁሉ ዳገት በእግራችንና በትከሻችን ካለፍነው በኋላ ያቆመን የገንዘብ ጉዳይ ነበር ነው።

እንግዲህ አባቴ፣ መልሴ ይህ ነው። በእኛ አገር ሰደቃ ከጥንት ጀምሮ በእግርም ይሰጥ ነበር። እጅ ባዶ በሆነበት ዘመን እግር ይሰጥ ነበር። የጎደለን እግሩንና እጁን ማገናኘት ነው። ወጣቶቹ ያመጡት ሐሳብ የሚያገናኘው ይህንን ነው፤ እግር ያለው ይሮጣል፣ እጅ ያለው በሩጫው ልክ ይሰጣል፣ አንድ ቀን ሌሊት አስፋልት ላይ ለምትደርስ ሴት ገንዘቡ አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ይጠብቃታል።

ዘመኑ ተለውጧል የሚል ካለ እውነቱን ነው። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቀበሌው አሉ። ለወረዳዎች አምቡላንስ ታድሏል። በመንግሥት ጤና ተቋም መውለድ ክፍያ የለውም። በየጤና ጣቢያው የእናቶች ማቆያ ተሠርቷል። ለዚህ ሁሉ ምስጋና ይገባል። ሆኖም አንድ አምቡላንስ በአንድ ጊዜ በሁለት ተራራ ላይ አይገኝም። መንገድ ሳይገባባቸው የቀሩ ቀበሌዎች በዳሮ ለቡም፣ በቦኬም፣ በዶባም፣ በመሰላም እንዳሉ የምትነግሩኝ እናንተ ናችሁ። ማቆያ ቤት የምትገባ ሴት ምን ትበላለች? የሚያስታምማት ሰው የት ያድራል? ስትመለስ በምን ትመለሳለች? እነዚህ ወጪዎች በማንም መዝገብ ላይ የሉም።

ምጥ ለቀናት ሲቆይ የሚከተለውን ጣጣም ታውቃላችሁ። እናቲቱ ብትተርፍ እንኳ ሽንቷን መቆጣጠር ያቅታታል፤ ሐኪሞች ፊስቱላ የሚሉት ነው። ሰው ይሸሻታል፤ ከጀማዓ፣ ከሠርግ፣ ከለቅሶ ትቀራለች። ይህ ግን የሚድን ነገር ነው። ዶክተር ካትሪን ሃምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጂናልድ እ.ኤ.አ. በ1959 ከአውስትራሊያ መጥተው በኋላ በአዲስ አበባ ለዚሁ ብቻ የሚሆን ሆስፒታል መሠረቱ። የድርጅቱ ማዕከል በሐረርም አለ፤ ሕክምናው በነጻ ነው። ከእኛ ዞን አንዲት ሴት እዚያ ሳትደርስ ከቀረች፣ ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ አለማወቅ ወይም የመኪና ማጣት ነው። ሕክምናው ነጻ ሆኖ ሳለ በመሳፈሪያ ምክንያት ዕድሜዋን በጓዳ ተደብቃ የምትኖር ሴት ካለች፣ ለእርሷ ተጠያቂው ሐኪም አይደለም። እኛ ነን።

አንዳንዶች ገንዘቡ ለእናቶች ብቻ ለምን ይሆናል፣ ለድርቅም፣ ለመድረሳም፣ ለየቲምም ይከፋፈል ብለዋል። በ2008 ዓ.ም. በኤልኒኞ ምክንያት በደረሰው ድርቅ በአገሪቱ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰው እርዳታ ሲፈልግ የእኛ ዞን ከተጎዱት አንዱ እንደነበረ ማን ይረሳል? ችግሩ ብዙ ነው። ነገር ግን በበኩሌ ለአንድ ጉዳይ ብቻ እንዲሆን እለምናለሁ። የአንድ ሩጫ ገንዘብ አምስት ቦታ ሲከፈል የትም አይታይም፤ ያልታየ ገንዘብ ደግሞ ወሬ ያመጣል። ቃሬዛ ላይ አምስት ሰው አይጫንም።

ወሬ ካልኩ ዘንድ ወደ ገንዘቡ አያያዝ ልግባ፤ ከሁሉም የሚያስፈራኝ ይህ ነውና። ሩጫውን ማዘጋጀት ይቻላል። ሰው ይሮጣል፣ ይጨበጨባል፣ ካናቴራው ያምራል። ከሦስት ወር በኋላ አንድ ሰው ሻይ ቤት ቁጭ ብሎ «ያ ገንዘብ የት ገባ?» ብሎ ሲጠይቅ መልስ የሚሰጥ ከሌለ ግን፣ የሚቀጥለው ዓመት ሩጫ የለም፤ የሚብሰው ደግሞ ለሚቀጥለው ቃሬዛ ገንዘብ የሚያወጣ አይኖርም። አማና የተባለው ነገር አንድ ጊዜ ከፈረሰ በሃያ ዓመት አይጠገንም። በከተማችን አፎሻዎች ለዘመናት የቆዩት ሀብታም ስለሆኑ አይደለም፤ እያንዳንዱ አባል ስንት እንደገባና ስንት እንደወጣ ስለሚያውቅ ነው። የሩጫው ገንዘብም እንደ አፎሻ ይያዝ። በባንክ የተለየ ሂሳብ ይከፈትለት። ያለ ሦስት ሰው ፊርማ አይውጣ፤ ከሦስቱ አንዷ ሴት ትሁን፣ ጉዳዩ የሴቶች ነውና። ለገባው ሁሉ ደረሰኝ ይቆረጥ። የወጣው በየወሩ በመስጊዱ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ፤ የእናቶቹ ስም ግን አይጻፍ፤ «ከቦኬ አንዲት እናት፣ የመኪና ይህን ያህል» ማለት ይበቃል። የተረጂን ገመና መጠበቅም የአማና አንድ ክፍል ነው።

ሁለት የሸሪዓ ነገሮችን በአጭሩ ላንሣ። አንደኛው፣ ለሩጫው የሚከፈለው ገንዘብ ሰደቃ እንጂ ዘካ ተብሎ እንዳይታሰብ። ዘካ ተቀባዮቹ ስምንት ሆነው በቁርኣን የተወሰኑ ናቸው፤ በድኻዋና በሀብታሟ ወላድ መካከልም ይለያል፤ ከዚያ ሒሳብ ጋር አይቀላቀል። ሁለተኛው፣ ሯጮች ከሚከፍሉት መመዝገቢያ ላይ ለአሸናፊ ሽልማት አይሰጥ። ሁሉም አዋጥቶ አንዱ ከወሰደው ወደ ቁማር ይጠጋል። በእግር ሩጫ ሽልማት ላይ ዑለሞች የተለያየ አስተያየት ስላላቸው፣ ለመጀመሪያው ዓመት ሽልማቱን ጨርሶ መተው ይሻላል ባይ ነኝ። ዱዓ ይበቃል። ወጣቶቹ በዚህ ፊታቸው እንዳልፈካ አይቻለሁ፤ ግን እንጽና።

ሪያእስ? ሰው ደረቱ ላይ ቁጥር ለጥፎ፣ በሕዝብ ፊት ሮጦ፣ ፎቶ ተነሥቶ የሚሰጠው ሰደቃ ለታይታ አይሆንም ወይ? ይህ ጥሩ ጥያቄ ነው፤ የጠየቁትም የሚያስቡ ሰዎች ናቸው። ሰደቃን በግልጽ መስጠት መልካም እንደሆነ፣ በምሥጢር ለድኾች መስጠት ደግሞ የበለጠ እንደሆነ ቁርኣን ያስተምረናል። ሁለቱም ተፈቅደዋል። ስለዚህ በሩጫው ውስጥ ሁለቱም በር ይከፈት። ሯጩ በግልጽ ይሮጣል፤ የእርሱ መታየት ሌላውን የሚቀሰቅስ ነው። ሰጪው ግን ስሙን መጻፍ ካልፈለገ አይጻፍ፤ የሰጠውም ልክ በድምፅ ማጉያ አይነገር። በሠርግና በምርቃት ላይ «እገሌ ይህን ያህል ሺህ!» እየተባለ ሲታወጅ ሃምሳ ብር የያዘች እናት እጇን በነጠላዋ ሥር ስትደብቅ አይቻለሁ። ያቺ እናት በሩጫው ቀን እጇን መደበቅ የለባትም። የቴሪን አንድ ዶላር አስታውሱ።

ስለ ዝግጅቱ ጥቂት ልናገርና አበቃለሁ። ጊዜው ከኅዳር እስከ ጥር ባለው በጋ ቢሆን ይመረጣል፤ በልግና ክረምት ለዚህ አይሆኑም። ረመዳን በየዓመቱ አሥራ አንድ ቀን ያህል ወደ ፊት ስለሚመጣ ቀኑን ስትቆርጡ የጨረቃውንም አቆጣጠር ተመልከቱ፤ በጾም ሰው ሃያ አንድ ኪሎ ሜትር በፀሐይ አይሮጥም። ሰዓቱ ከሱብሒ ሶላት በኋላ ወዲያው ይሁን። መንገዱ ግን የሚያሳስበኝ ነው። የእኛ አስፋልት የሐረርና የድሬዳዋ መሥመር ነው፤ የጫት አይሱዙ እንዴት እንደሚበር ታውቃላችሁ፤ ለሰው ሕይወት ብለን ወጥተን በመኪና ሰው እንዳንጨርስ። ትራፊክ ፖሊስ መንገዱን ካልዘጋ ሩጫው አይጀመር። በየአምስት ኪሎ ሜትሩ ውኃ፣ ከኋላ አንድ አምቡላንስ ይኑር። አምቡላንሱ በዚያች ሰዓት ለወላድ ከተፈለገ ግን ሩጫው ይቁም እንጂ እርሷ አትጠብቅ።

ለልምምድ ሦስት ወር ያስፈልጋል። ከመንደር ወደ ገበያ እቃ ተሸክመው ለሚመላለሱት እኅቶቻችን ምናልባት ያን ያህልም አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው ለእኛ ለከተሞቹ ነው። ስለ ጫትም ሳልናገር ባልፍ ትታዘቡኛላችሁ። ጫት የልብን ምት እንደሚያፈጥንና የደም ግፊትን ከፍ እንደሚያደርግ ሐኪሞች ይናገራሉ። በምርቃና ሰዓት ሁላችንም ግማሽ ማራቶን እንሮጣለን፤ ማታውን ሮጠን፣ አሸንፈን፣ ገንዘቡን ሰብስበን፣ ሆስፒታሉን ሠርተን እናድራለን። ጠዋት ግን ከአልጋ የሚነሣ የለም። ለመሮጥ የተመዘገበ ልጅ ቢያንስ የሩጫው ዋዜማ ከበርጫ ይቅር። ልባችሁ ላይ በሽታ ያለባችሁ፣ ግፊትና ስኳር ያለባችሁም ሐኪም ሳታማክሩ አትሩጡ፤ ዕውቀት የሌለበት ድፍረት ሰደቃ አይሆንም።

ሴቶች ይሮጡ ወይ? ተብያለሁ። ሩጫው የእናቶች ሆኖ ሴቶች ከዳር ቆመው ይመልከቱ ማለት ይከብደኛል። ደንቡን በጠበቀ አለባበስ፣ በተለየ ሰዓት ወይም በተለየ መሥመር፣ ርቀቱም 5 ኪሎ ሜትር ሆኖ ሊዘጋጅ ይችላል፤ በአዲስ አበባ የሴቶች ብቻ የሆነው ሩጫ እንዲህ ነው። ሲፈን ሐሰን እ.ኤ.አ. በ2024 በፓሪስ ኦሎምፒክ ማራቶኑን አሸንፋ ሜዳልያዋን ሒጃብ ለብሳ ስትቀበል ዓለም ሁሉ አይቷል፤ ይህች ልጅ እዚሁ አዳማ የተወለደች ናት። ዝርዝሩን የእናቶች ኮሚቴ ይወስን፤ እኔ ከእነርሱ በላይ አላውቅም።

ሌላ የምጨምረው፣ ምዝገባው ለሁሉም ክፍት ይሁን። ጭሮ የሙስሊሙም የክርስቲያኑም ከተማ ናት። ያኔ አስፋልት ላይ ሰዓቱን ካወለቀው ልጅ ጋር ጫማውን ያቀረበው የክርስቲያን ልጅ ነበር፤ ቃሬዛውን ሲይዝ ማን ነህ ያለው የለም። የገለምሶ፣ የበደሳ፣ የሂርና፣ የአሰቦት፣ የሚኤሶ ወጣቶችም ይጠሩ። የራሳቸውን ሩጫ ማድረግ ቢፈልጉ ደግሞ የእኛን መዝገብ አይተው ይጀምሩ፤ ስለዚህ መዝገባችን የሚታይ መሆን አለበት።

የምጠይቃችሁ ዛሬ የሚጀመር ነገር ነው። ወጣቶቹ መዝገብ ይዘው በበሩ ላይ ቆመዋል። በአንድ በኩል የሚሮጠው ሰው፣ በሌላው በኩል ለእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር ቃል የሚገባው ሰው ይጻፋል። ኪሎ ሜትሩን በአንድ ብር ብትይዙት 21 ብር ይሆናል፤ የአንድ ቀን የጫት ገንዘባችሁን ብትይዙት ደግሞ ስንት እንደሚሆን እናንተ ታውቁታላችሁ፤ እኔ በአደባባይ አልናገርም። እኔም ተመዝግቤያለሁ። ከአርባ ዓመት በላይ ስለሆንኩ ሁሉን እሮጠዋለሁ ብዬ አልዋሻችሁም፤ እየሮጥኩም እየሄድኩም እስከ መጨረሻው እደርሳለሁ፣ ኢንሻአላህ። ሰደቃ በእግር ነው በእጅ ያሉኝ አባታችን ለእያንዳንዱ ኪሎ ሜትሬ አሥር ብር ቃል ገብተውልኛል፤ በመንገድ ላይ ባቆም ግን አንዲት ሳንቲም እንደማይከፍሉ አስጠንቅቀውኛል።